ደብዳቤ አንባቢው

ጋሉስ ሰፈር፣ ወይዘሮ አያልነሽ ቤት፣ ደብዳቤ የማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም። የመጣውን ሁሉ ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል፤ ልጃቸው ኢማኑኤል ከሥራ ሲገባ ያነብላቸዋል።

ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ጀርመንኛውን ለእናቱ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። ክፉ ደብዳቤ ሲመጣ ትንሽ ያለዝበዋል። «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» የሚለውን «ሐኪሙ ሊያይሽ ይፈልጋል» ይላቸዋል። እንዳይደነግጡ ብሎ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶትም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም።

ትኩእን ያገኘው ባለፈው መስከረም፣ ባቡር ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት ሮደልሃይም ሰፈር፣ በኪራይ አዳራሽ ለሚሰበሰበው የአምልኮ ጉባኤያቸው ኪቦርድ ሊጫወት ሲሄድ ድንገት ትንፋሽ አጠረው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት ጎንበስ ብሎ አየው።

«እዚህ ኪቦርድ ላይ ስንት ጥቁር ቁልፍ አለ?» አለው፣ የአስመራ ቃና ባለው አማርኛ። «ቀስ ብለህ ቁጠርልኝ።»

ኢማኑኤል ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተመለሰ፤ መውረጃው ግን አልፎ ነበር።

ትኩእ የነርስነት ትምህርቱን እየጨረሰ ነበር። ሐኪም እንዲያይ የመከረው፣ ቴርሚን ማለትም ቀጠሮ የያዘለት፣ እሮብ እሮብ ከእነ ኢማኑኤል ሕንፃ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ኢማኑኤል ወንድ እንደሚወድ ከልጅነቱ ያውቃል። ያንን ሲደብቅና ሲጸልይበት ኖሮ ነው እንቅልፉ የጠፋው። ማይን ወንዝ ዳር ትኩእ እጁን ሲይዘው ግን አልሳበም። ሁለቱም ውሃውን አዩ።

«ለእናትህ እኔ ማን ነኝ?» አለ ትኩእ።

«ለጊዜው የጥርስ ሐኪም ነህ። እሮብ እሮብ ጥርሴን እንደምታከም ነው የነገርኳት።»

ትኩእ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እወድሃለሁ ኢሙ። ግን ዕድሜ ልኬን ማዶ ቆሜ አልጠብቅም።»

በሳምንቱ ወይዘሮ አያልነሽ የተከፈተ ወረቀት አቀበሉት።

«ከክራንከንካሰ፣ ከጤና መድኑ ነው። ምን ይላል?»

አነበበው። ስለ እሱ ነበር። የጥርስ ነው ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ትኩእን የሚያጣው በዚያ ቃል እንደሆነም ገባው።

«እማዬ፣ የኔ ነው። የድብርት ሕመም ይዞኛል። እሮብ እሮብ የምሄደው የአእምሮ ሐኪም ጋ ነው። ሕክምናውን አራዝመውልኛል።»

ወይዘሮ አያልነሽ ተቀመጡ። «ምን ጎደለብህ ልጄ?»

«ምንም። መደበቅ ነው ያሳመመኝ። የሚያመላልሰኝ ልጅ አለ፣ ትኩእ ይባላል። እወደዋለሁ። ሌላ ሰው ሚስቱን እንደሚወድ ነው የምወደው።»

ወይዘሮ አያልነሽ ወረቀቱን ጠቆሙ።

«ይሄም ደብዳቤው ላይ አለ?»

«የለም።»

«ስታለዝብልኝ አውቃለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይንህ ከወረቀቱ ቶሎ ይነሳል። አሁንስ አለዝበኸዋል?»

«አላለዘብኩም፣ እማዬ።»

ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። ሲጸልዩ፣ በመሃል ስሙን ሲጠሩ ሰማ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን «ብላ» እና «በላሁ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። ሰው እንዲህ ከሚወደው ሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሲኮራረፍ ቀኑ አይመሽም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሮብ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ነበር። እንደታሸገ ነው።

«ያንተ ነው፤ አልከፈትኩትም» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ። «ያ ልጅ እናት አለችው?»

«አስመራ ነች። ካያት አሥር ዓመቱ።»

መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። «እኔ አልገባኝም ኢሙ፤ ገባኝ ብዬ አልዋሽህም። ግን ማዶ ከቆመ ግማሽ ሰዓት ሆነው። ጃኬቱ ስስ ነው። ጥራው።»

ኢማኑኤል ደረጃውን ሮጦ ወረደ። አፍንጫው በብርድ የቀላው ትኩእ ነገሩን ሲሰማ የጃኬቱን ዚፕ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

«ማን ነኝ ልበላት? የጥርስ ሐኪሙ?»

«ትኩእ ነኝ በላት» አለ ኢማኑኤል እጁን ይዞ። «የቀረውን አንብቤላታለሁ።»