ሐምራዊው ሶኬት

ኢብቲሃል የመጨረሻውን ብሎን በቀስታ አዞረች። ብሎኑ መንከሱ እጇ ላይ ሲሰማት ካቻቢቴውን አቆመች፤ ከዚህ በላይ ቢጠብቅ ቦርዱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተረፉትን ብሎኖች ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ትናንት የዓርብ ኩስኩስ የተበላበት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ጎኑን ከፍቶ ተጋድሟል።

ዕቃዎቹን ክረምቱን ሙሉ አንድ በአንድ የለቀመችው ከካዛብላንካው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከደርብ ጋለፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የመጣ ነው። ራሙ ስክሪኑ ከተሰበረ ማሽን የተነቀለ ነው። የኬዙ አንድ ጎን ተጣሞ ስለነበር በጨርቅ ጠቅልላ በመዶሻ ራሷ አቃንታዋለች።

ወንድሟ ያሲር ትኩስ የምሰመን ቂጣ እያኘከ ገባ። በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ በቁመት ግን ጭንቅላቱ በሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አጎነበሰና የኮምፒውተሩን ጀርባ አየ።

«ይሄ ሐምራዊ ክብ ቀዳዳ ምንድነው?»

«የድሮ ኪቦርድ ሶኬት።»

«ሙዚየም ነው የገጣጠምሽው በይኛ።»

«ሙድ አትያዝብኝ። ቦርዱ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛማ ነው። ጡረታ ወጣ እንጂ።»

ኢብቲሃል ገመዱን ወደ ግድግዳው ጎተተች። ሶኬቱ እሷንም ያሳፍራት ነበር። ቦርዱን ስትገዛ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች መሀል እንደ ድሮ ሳንቲም ክብ ብሎ ተቀምጧል። ግን ሌላ ቦርድ መግዛት አትችልም ነበር።

መብራቱን ሰካችና ማብሪያውን ተጫነች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ማራገቢያው ትንሽ ተንቀጠቀጠና መዞር ጀመረ፤ ስክሪኑም በራ።

ማጠቢያው ጋ ቆማ ናዕናዕ ስትቀነጥስ የነበረችው አክስቷ ዙሁር ቅጠሉን ከነእጇ ወደ አፏ አስጠግታ እልልታዋን ለቀቀችው።

ከግቢው ማዶ የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። «ዙሁር፣ ማን ታጨ?»

«ማንም አልታጨም። ኮምፒውተር ነው።»

«አላህ ይባርክላችሁ፣ እኔ ደግሞ ልብስ መፈለግ ጀምሬ ነበር» አለች ጎረቤቷና መስኮቱን ዘጋች።

ያሲር ሳቀ። ኢብቲሃል ፊቷ እየሞቀ ወደ መኝታ ቤት ሮጠችና ከአልጋዋ ሥር ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ከሁሉም ዕቃ በፊት የገዛችው ይሄንን ነበር፤ የበዓል ስጦታ ገንዘቧን ሁሉ ያፈሰሰችበት የጨዋታ ኪቦርድ። ስትሰካው ከቁልፎቹ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እንደ ማዕበል አለፈ። ጓደኛዋ ሂባ ነገ የምትመጣው ይሄንን ለማየት ነው።

«ይሄ ኪቦርድ ነው ወይስ የሠርግ አዳራሽ?» አለች ዙሁር።

«ነይ ሞክሪው፣ አክስቴ። ሰኞ እኮ ደረሰ።»

ዙሁር እጇን ለማድረቅ ጊዜ ወሰደች።

ካዛብላንካ ውስጥ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ፀጉሯ እስኪሸብት ታይፒስት ነበረች። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ በኋላም በቢሮው ትልቅ ኮምፒውተር ስትጽፍ ኖራለች። ጠበቆቹ ሰዓት ሲያጥራቸው «ለዙሁር ስጧት» ይሉ ነበር። ቢሮው ከተዘጋ ወዲህ የነካችው ወጥ ቤቱን ብቻ ነው። በቅርቡ ግን አንድ መጽሐፍ አሳታሚ በእጅ የተጻፉ የቆዩ የዐረብኛ ጽሑፎችን አንብቦ የሚተይብ ሰው ፈልጎ ደወለላት፤ ሰኞ መጥታ እንድትፈተን። ዙሁር በደስታ በያሲር ላፕቶፕ ልትለማመድ ተቀመጠች። ገጹ ሲያልቅ በየቃሉ ውስጥ ፊደሎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ተደራርበው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰኞ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ኢብቲሃል ኮምፒውተሩን ዛሬ ለማድረስ የተጣደፈችው ለዚህ ነው።

ዙሁር ተቀመጠች። ጀርባዋ ቀጥ፣ ክርኗ ሰብሰብ አለ። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ስታሳርፍ ገና ምንም ሳትጽፍ ስክሪኑ በፊደል ተሞላ። ደንግጣ እጇን አነሳች። እንደገና ጀመረች። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ እጇ በራሷ ፈቃድ ወደ ላይ ተነሳች፤ የድሮውን የጽሕፈት መኪና እጀታ ልትገፋ። እጀታው ግን ከጠፋ ስንት ዘመኑ። እጇ የብሎኖቹን ብርጭቆ መታችውና ብሎኖቹ በጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

«ቢሮም በዚህ እጄ ስንት ሻይ ደፍቻለሁ» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። ከዚያ ስክሪኑን አነበበች። ሳቋ ጠፋ። «ኪቦርዱ አዲስ ነው። ኮምፒውተሩም ይኸው ይሠራል። ያረጀው ጣቴ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እደውልና አልመጣም እላቸዋለሁ። ሰው ፊት ከምዋረድ።»

ናዕናዑን ይዛ ወጣች። ያሲር ማኘኩን አቁሟል።

ኢብቲሃል ብሎኖቹን እየለቀመች አሰበች። የአክስቷ ጣት የተሳሳተ ቁልፍ አልነካም፤ ያንኑ ትክክለኛ ፊደል ነው የደጋገመው። ቁጭ አለችና ጣቶቿን እንደ አክስቷ አሳረፈች። ፊደሎቹ ፈሰሱ። እጇን ስታነሳ ቆሙ። እሷ ራሷ ስትጽፍ ጣቷን አሳርፋ አታውቅም፤ በሁለት ጣት እንደ ዶሮ ትለቅማለች። አክስቷ ግን ቀጣዩን ቃል ስታነብ ጣቶቿ ቦታቸው ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። ጠበቆቹ ቢሮ እንደዚያ ነው የተማረችው። ይሄ ኪቦርድ ደግሞ ጣት ገና ሲያስብ ይጽፋል።

ኪቦርዱን ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና ብብቷ ሥር ያዘችው።

«አክስቴ፣ ጀላቢያሽን ልበሺ። ደርብ ጋለፍ እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ጣትሽ አላረጀም። ካልሆነ ስንመለስ ትደውያለሽ።»

ቦርዱን የሸጡላትን ሽማግሌ፣ ቡሻይብን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባላት ሱቃቸው ውስጥ አንድ የተፈታ ራዲዮ ላይ አጎንብሰው አገኟቸው። ኢብቲሃል ነገሩን አስረዳቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ኪቦርድ ማውረድ ጀመሩ።

ዙሁር ዓይኗን ጨፍና ሞከረች።

«ይሄ ሊጥ ነው። ጣቴ ይሰምጣል» አለች ስለ አንደኛው። ሁለተኛውን ነካ አድርጋ ገፋችው። «ይሄ ከእኔ በፊት ይናገራል።» ሦስተኛው ስስ ነበር። «ይሄማ ጠረጴዛ መደብደብ ነው።»

«ላላ ዙሁር፣ ኪቦርድ ነው ወይስ ሙሽራ የምንመርጠው?» አሉ ቡሻይብ፣ «ላላ» የምትለዋን የአክብሮት መጠሪያ ጎተት አድርገው።

«ሙሽራ ቢሆንማ እናቷን አይቼ እጨርስ ነበር።»

ቡሻይብ ሳቁና ላባቸውን ጠረጉ። መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ነው። ኢብቲሃል ሰዓቱን አየች፤ አስር ሶላት ሩቅ አይደለም። ዓይኗ ወደ ወለሉ ወረደ። ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው አንድ ነገር ተደግፎበታል፤ የወየበ ጥርስ የመሰለ፣ ወፍራምና አቧራ የጠጣ።

«ያስ፣ አጎቴ?»

«የትኛው? የበሩ መደገፊያ?»

ብድግ ስታደርገው ክብደቱ ክንዷን ጎተታት። በእጅጌዋ ጠረገችው። ቁልፎቹ ላይ ያሉት የፈረንሳይ ፊደሎች ብቻ ናቸው።

«ዐረብኛ የለበትም» አሉ ቡሻይብ።

«ቁልፍ ላይ ማን ያነባል?» አለች ዙሁርና ጣቶቿን አሳረፈች።

ዝም። ቁልፎቹ ጣቷን ተሸክመው ዝም አሉ። ከዚያ አንዱን ተጫነች። ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ እጅ ሰጠና ቀጭ አለ። ዙሁር ዓይኗን አልገለጠችም። የሆነ ዓረፍተ ነገር፣ ምናልባት ከድሮ የክስ ጽሑፍ የቀረ፣ ከጣቶቿ መውረድ ጀመረ። ድምፁ እንደ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ነጎደ። ማዶ ያለው ስልክ ጠጋኝ አንገቱን አወጣ። መስመሩ ሲያልቅ እጇ ወደ ላይ ተነሳች፤ ቡሻይብ የሻይ ብርጭቋቸውን በጊዜ ሳብ አደረጉ።

ዙሁር ዓይኗን ገለጠች። «ይሄ ነው» አለች፣ በጣም በዝግታ።

«ምን ያደርግልሻል፣ ላላ? ጫፉን እዪው፣ ክብ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር እንዲሁ በቀጥታ አይቀበለውም።»

«የኔ ይቀበለዋል» አለች ኢብቲሃል።

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። «ያንን ቦርድ ስትገዢ ሶኬቱን አይተሽ ከንፈርሽን የጣልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ማን ገጣጠመው?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት በራ።»

ቡሻይብ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሻጭ ለሻጭ ሆኖ ነበር። «እንግዲያው በግልጽ ልንገርሽ። ይሄን አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ሲለምነኝ ከርሟል። ለአክስትሽ ጣት ስል እሱ ይቅርብኝ። ግን ባዶ እጄን አልቀርም። የያዝሽው ካርቶን ውስጥ ያለው ባለ መብራቱ ነው አይደል? እሱን ስጪኝና ውሰጂው። አክስትሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይም እንድትሰካው፣ ክቡን ጫፍ ወደ አዲሱ የሚቀይር ማገናኛ እመርቅልሻለሁ።»

«አይሆንም» አለች ዙሁር ወዲያው። «ሁለት በዓል ሙሉ ጫማ አልገዛም ያለችው ለእሱ ነው። ተነሺ እንሂድ።»

ኢብቲሃል ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ማዕዘኖቹ እንዳይጨማደዱ እስከ ዛሬ ተጠንቅቃላቸዋለች። ሂባ ነገ በሩን አንኳኩታ ስትገባ ምን እንደምትል አስቀድማ ታውቃለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

«መብራቱ ዓይኔን ያመኛል» አለችና ካርቶኑን ለሽማግሌው ዘረጋችው።

ዙሁር ዞራ አየቻት። ዓይኔን አመመኝ ስትል ሰምታት አታውቅም። ቢጫውን ኪቦርድ ራሷ ልትሸከም አነሳችው።

ቤት ሲደርሱ ኢብቲሃል መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ክብ ጫፍ ማሽኑ እየሠራ አይሰካም፤ ይሄንን ታውቃለች። ከጠረጴዛው ጀርባ ተንበርክካ ጫፉን ወደ ሐምራዊው ሶኬት አስጠጋች፣ ትንሽ አዞረችው። ገባ። እንደሱ ልክክ ብሎ የገባ ነገር በዚያ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም።

ዙሁር ጻፈች። አንድም ፊደል አልተደራረበም።

ያሲር ከክፍሉ ወጣ። «በረዶ እየጣለ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሙዚየሙ ላይ» አለች ኢብቲሃል።

የአስር አዛን ተሰምቶ አለፈ። ዙሁር ሰግዳ ስትመለስ ስልኳን አነሳች። ኢብቲሃል የብሎኑን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨብጣ አዳመጠች።

«ዙሁር ነኝ። ስለ ሰኞው ነበር የደወልኩት» አለች አክስቷ። ድምፁ የወጥ ቤት ድምፅ አልነበረም፤ ጠበቆችን ወረፋ የሚያስይዝ ነበር። «እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የራሴን ኪቦርድ ይዤ ነው የምመጣው። … አዎ፣ የራሴን። የወንድሜ ልጅ ታዘጋጅልኛለች።»

እሑድ ኢብቲሃል ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅላ በሳሙና አጠበቻቸው። ቢጫነታቸው አልለቀቀም፤ ቆሻሻው ግን ወጣ። መስኮቱ ሥር ፎጣ ላይ አስጥታቸው ሳለ ስልኳ ላይ የሂባ መልእክት መጣ፤ መብራቱን ለማየት ስንት ሰዓት ልምጣ የሚል። ኢብቲሃል ትንሽ አሰበችና ጻፈች፦

«መብራት የለም። ማክሰኞ ነይ፣ ትሰሚዋለሽ።»

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ቁልፎቹን በየቦታቸው መለሰቻቸው። የመጨረሻውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ኪቦርዱን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለች፣ ማገናኛውን ገመዱ ላይ አሰረች፣ ሁሉንም በአክስቷ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አስገባች። ቦርሳውን ተሸክማ በሩ ሥር፣ ዙሁር ገና ከአሁኑ ቀለም ቀብታ ካስቀመጠቻቸው ጫማዎች አጠገብ፣ አኖረችው።