ዊሊያም ያመጣው ውሃ

ይሄ ታሪክ የተፈጸመ ነው። አላምንም የምትሉ መብታችሁ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው አላመንኩም ነበር።

አስቀድሜ ልንገራችሁ... ጨለማ የለበትም። ጅብ የለበትም። መቃብር ቦታም አንሄድም።

ሁሉም ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ጋምቤላ ከተማ።

ጋምቤላን የሚያውቅ ያውቃል። በመጋቢት ስምንት ሰዓት ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ባጃጁ ማንጎ ሥር ይቆማል፣ ሰው ያገኘበት ይጋደማል። እናንተ ሌሊቱን ትፈሩ ይሆናል፤ እኛ ጋ ጭር የሚለው በቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሙሉብርሃን የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ሙሌ እንለዋለን። ከጎሬ መጥቶ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው፤ የሞተ ኮምፒውተር ያስነሳል። ልቡን ግን እናንተው ፍረዱ።

የምነግራችሁን የነገረኝ ራሱ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ዊሊያም ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ የኑዌር ልጅ። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ጌም ላይ ከተቀመጠ ማንም አይችለውም፤ በኢንተርኔት ከስንት አገር ሰው ጋር ይጋጠምና ያሸንፋል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። በመሃል ይግላል... ይጠፋል... ልጁ በአሸናፊነቱ መሃል ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

ስለዚህ የራሱን ሊያስገጣጥም ተነሳ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ለቀመ። ግራፊክስ ካርዱን አጎቱ ከጁባ፣ በድንበሯ ከተማ በማታር በኩል፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣለት። ሌላውን ከአዲስ አበባ አስላከ። አንድ ዕቃ በመጣ ቁጥር እየሮጠ ሙሌ ጋ ይመጣል።

"ጋሼ፣ ዕቃው ከእኔ፣ እጁ ከአንተ።"

"እኔ ካልሠራሁት ማን ሊሠራልህ!" ይለዋል ሙሌ፤ ይሳሳቃሉ። ከአንድ ኮዳ ነበር ውሃ የሚጠጡት።

ጋምቤላ ውስጥ በፋን የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ከንቱ ነው። ፋኑ የሚያራግበው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። በውሃ ይሁን ተባባሉ። ነገሩ እንደ መኪና ነው፤ ውሃ በቀጭን ቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ራዲያተር ውስጥ ይበርዳል፣ ትንሽ የመስታወት ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ መልሶ ይገፋዋል። ጠቅላላ ውሃው አንድ ሊትር ቢሆን ነው።

አንድ ሊትር። ይሄን ያዙልኝ።

ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ፣ አንድ መጋቢት ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ራዲያተሩን ለማጠብ ተቀመጡ። አዲስ ራዲያተር ውስጡ ቆሻሻ አያጣም፤ ታጥቦ ታጥቦ ነው የሚገጠመው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ያላቸው ሁለት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመጨረሻው ሙሌት የተቀመጠ ነው።

ሙሌ ቢጫውን ጀሪካን አነሳ። ዕቃው እንዳይሰረቅበት በጋለ ካውያ "ሙ" ብሎ የጻፈበት ጀሪካን ነው።

"ወንዝ ውረድና ቅዳ።"

ዊሊያም በሩን አየ። ፀሐዩ ያነድዳል።

"ጋሼ... አሁን ዳሩ ላይ ሰው የለም።"

"እና?"

"ሰው ከሌለ ጥሩ አይደለም። አዞው ሰሞኑን ታይቷል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ይወርዳሉ፤ ያኔ አብሬ ልውረድ።"

እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ የሚናገረውን ያውቃል። ጓደኛዬ ሙሌ ግን ቸኮለ። ራዲያተሩ እጁ ላይ ነው፣ ልቡ ተሰቅሏል።

"ፈሪ! ይሄን የሚያህል ቁመት ይዘህ? ሂድ ባክህ!"

ዊሊያም ሳቀ። ከበሩ ዞር ብሎ፣

"ስንት ይበቃል ጋሼ?" አለ።

"ሙላው።"

ሄደ።

አሥር ደቂቃ... ሃያ ደቂቃ...

የሙሌ ስልክ ጠራ። ዊሊያም ነው። ሙሌ ቱቦ እየገጠመ ነበር፤ ሥራውን ላለማቋረጥ ተወው። እንደገና ጠራ። ተወው። ሦስተኛ ጊዜ ጠራና በመሃል ተቋረጠ።

ያኔ ቱቦውን ጣለ። ወረደ። ባሮ ጸጥ ብሏል። ሰው የለም። ጀሪካኑም የለም። ጭቃው ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ... የቀኝ እግር።

መጮህ ነበረበት። ሰው መጥራት ነበረበት። ምን አደረገ መሰላችሁ?

ጫማውን በእግሩ ገፍቶ ውሃ ውስጥ ከተተው።

ይሄን ሲነግረኝ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። 

እናቱ ኛዱዎፕ ማታውን ልጇን ፍለጋ መጣች። ሙሌ "ዛሬ አልመጣም" አላት። ያም አልበቃው ብሎ፣ "ማታር እሄዳለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ" ብሎ ጨመረበት።

በቃ። በዚያች ቃል እናትየዋ ማታር ወረደች። ከዚያ ድንበር ተሻግራ ዘመድ ቤት ሁሉ ጠየቀች። ጀዊ መጥታ ድንኳን ለድንኳን ዞረች። አንድ ዓመት ሙሉ! ልጇ ባሮ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን አላለቀሰችለትም፣ ለቅሶ አልተቀመጠችለትም። በሕይወት ያለ ልጅ ነበር የምትፈልገው።

ሙሌስ? መጀመሪያ ፈራ። እየዋለ እያደረ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ማየት ጀመረ። "የማን ነው?" የሚለው ሰው የለም። ገጣጠመው። በባትሪ ውሃው ሞላው። ውሃው ጥርት ብሎ በቱቦው ሲዞር ብታዩት ደስ ይላል። አንዴም ሳይግል ሠራለት፤ የዊሊያምን ጌም ይጫወትበት ጀመር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

በዓመቱ፣ መጋቢት ላይ፣ ኛዱዎፕ ተመልሳ መጣች። ስምንት ሰዓት ላይ። ከስታለች፤ እግሯ ተሰነጣጥቋል።

"ይቀመጡ እማማ።"

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ውሃ ነው። ሙሌ የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ ከፍቶ ሊቀዳላት ብርጭቆ አነሳ። ከቦርሳዋ የራሷን ጣሳ አወጣች።

"በዚህ ቅዳ።"

ቀዳላት። አልጠጣችም።

"ሙሌ። እኛ ጋ ሕግ አለ።"

"ምን ሕግ እማማ?"

"በሁለት ሰው መሃል ደም ካለ... ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጡም።"

"ከጠጡስ?"

ቀና ብላ አየችው። "ማንም አይጠጣም።"

ግማሹን ጠጣች። ግማሹን ዘረጋችለት።

እንግዲህ ፍረዱ። የኑዌር ልጅ ቢሆን፣ ጥፋቱን ባይናገር እንኳ ጣሳውን አይነካም ነበር። ሙሌ ግን ጎሬ ያደገ ሰው ነው። ውሃ ውሃ ነው አለ በሆዱ። እምቢ ቢል ራሱን ማጋለጥ ነው።

ጠጣ።

የታሸገ ውሃ ነው፣ በገዛ እጁ የከፈተው። ጣዕሙ ግን... ጭቃ ጭቃ አለው።

ኛዱዎፕ ጣሳዋን አንስታ ወጣች። አመሰግናለሁም ደህና ዋልም አላለችም።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ የፓምፑ ድምፅ ተለወጠ። ጉር... ጉር... የጉሮሮ ድምፅ።

ሙሌ ታንከሩን አየ። ውሃው ጎድሏል። አንድ ጣሳ ያህል።

ቱቦውን በሶፍት ጠረገ። ደረቅ ነው። ጠረጴዛው ደረቅ፣ ወለሉ ደረቅ። ሞላው።

በማግስቱም ስምንት ሰዓት ላይ... አንድ ጣሳ።

ሙሌ ደግሞ ውሃ ጥም ያዘው። ይጠጣል፣ አይረካም። በቀን አሥር ሊትር ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። "ስኳር ይሆናል፣ ተመርመር" አልኩት። ተመረመረ፤ ምንም የለበትም።

በአምስተኛው ቀን ታንከሩ ሥር ደቃቅ አሸዋ ተኝቷል። የባትሪ ውሃ አሸዋ ከየት ያመጣል?

በስድስተኛው ቀን ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ በራ። ጌሙ ላይ ጓደኛህ ገብቷል የሚል ምልክት ነው። ከነጥቡ ጎን ያለው ስም የዊሊያም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሙሌ መረረው። ሶኬቱን ነቀለ። ባልዲ አቀረበ፤ ውሃውን አፍስሶ ዕቃውን ሊፈታታው ነው። የማፍሰሻዋን ቡሽ ከፈተ።

ውሃው ወረደ። ባልዲው ግማሽ ደረሰ።

አልቆመም።

ባልዲው ሞላ። ሁለተኛ ባልዲ አቀረበ። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነው! ውሃው ደፈረሰ... ቡናማ ሆነ... የባሮ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛው ባልዲ ሲሞላ፣ ሃያ ሊትር ሲሆን፣ ልክ ጀሪካን ያህል ሲሆን ቆመ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ከበሩ፣ ከኋላው...

"ጋሼ።"

ሙሌ አልዞረም።

"ጋሼ... ይበቃል?"

ዘሎ በጓሮ በር ወጣ። በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሱን ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ ያወቀው ኛዱዎፕ ግቢ ሲደርስ ነው። እነግራታለሁ አለ። ዛሬ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ከዚያ እንደፈለገች ታድርገኝ።

ኛዱዎፕ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

አጠገቧ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ሙሉ። አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሷል። ዝቃጩ በተጠረገበት በኩል በካውያ የተጻፈው "ሙ" ይታያል።

"እማማ..." አለ ሙሌ።

"አሁን አስቀምጦ ሄደ" አለች በሹክሹክታ። "ልጄ አመለኛ አይደለም። የላኩትን ያመጣል።"

ጣቷን ጀሪካኑ ላይ አኖረች።

"ማን ላከው ሙሌ?"

አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅበት። "እኔ" ማለት። እሷ ልጇን ልታለቅስ፣ እሱም ሊገላገል። ኛዱዎፕ ጠበቀችው። ረጅም ጊዜ ጠበቀችው።

አልተናገረም።

ጣሳዋን ከጀሪካኑ ቀዳች። ግማሹን ጠጣች። ግማሹን ዘረጋችለት።

እና ያ ከንቱ ሰው... ከመናገር መጠጣት ቀለለው። ተቀብሎ ጠጣ።

ሙሌ ለእኔ ነግሮኛል። ለቄስም ነግሯል፣ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ ጀሪካን በእጁ ይዞ እየጠጣ ይናገራል። ለእሷ ግን እስከ ዛሬ አልነገራትም። ቃሉን ከአንዷ እናት በቀር ለሰው ሁሉ ማውጣት ይችላል። ሄጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። "አውቃለሁ" አለችኝ። "ከእሱ አፍ ነው የምጠብቀው።"

ያን ዕለት ጣሳውን መልሶ ሲሰጣት፣ ኛዱዎፕ እሱን አላየችም አለኝ። ከኋላው ያለውን መሬት ነበር የምታየው።

ዞሮ አየ።

አቧራው ላይ ሲሮጥ የመጣበት የራሱ ዱካ አለ። ከጎኑ ሌላ ዱካ አለ፣ እርጥብ። በዚያ ድንጋይ በሚያግል ፀሐይ ያልደረቀ።

ግራው ነጠላ ጫማ ያደረገ ነው። ቀኙ ባዶ እግር።

ከሙሌ ቤት አቅጣጫ ይመጣል... ይመጣል... ልክ ሙሌ የቆመበት ሲደርስ ይቆማል።