ስምንት ቀዳዳ፣ አሥር ሊትር

ሰኞ ጠዋት ሊጋያ ቅዳሜና እሁድን ካሳለፈችበት ከሊፓ ከተማ ስትመለስ ሰላጣዎቿ ሞተው ጠበቋት።

ሁሉም አይደሉም። ጓሮዋ ውስጥ ባለው ባለሦስት ደርብ የቀርከሃ መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። የወይን ፍሬ የሚመጣባቸው ነጭ የፎም ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸው ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ውሃ፣ በክዳናቸው ቀዳዳ ሁሉ አንዳንድ ሰላጣ። አፈር የሚባል የለም። የታችኞቹ ስምንት ሳጥኖች ቅጠላቸው ተልፈስፍሶ ተኝቷል። የላይኛው ደርብ አራቱ ግን ለምለም ናቸው።

ለፊታችን እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ሰላጣውን እኔ አቀርባለሁ ብላ በሰው ፊት ቃል ገብታ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌ አባቷ ታታይ ኢስኮ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት።

የቀበሌው ጥበቃ ማንግ ሴቬሮ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረሰ። ቅጠሉን አሸተተ። መደርደሪያውን ዞረ።

«ተመርዟል» አለ።

ከዚያም መደርደሪያውን በገመድ ዙሪያውን አሰረው። «ማስረጃ ነው። እኔ ሳልፈቅድ ክዳን የሚነካ ሰው ወዮለት!»

ሊጋያ እንባዋን ጠረገች። «ደልፊን ነው። ትጸጸቻለሽ ብሎኝ ነበር።»

ደልፊን የአጥር ጎረቤቷ ነው። ያለ አፈር ማብቀልን ያስተማራት እሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች የሰጣትም እሱ። ማንግ ሴቬሮ ቤቱ ሲገባ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ተከትሎት ገባ።

«ቅዳሜና እሁድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ማን አየህ?»

«ዶሮዎቼ።»

«አትቀልድ! ሊጋያን ትጸጸቻለሽ ብለሃታል?»

«ብያለሁ። በየክዳኑ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ስትበሳ አይቼ ነዋ። ያ ሳጥን አሥር ሊትር ነው የሚይዘው፤ ለስምንት ሥር ይበቃል። አሥራ ስድስት ካደረግሽው በግማሽ ጊዜ ጠጥተው ይጨርሱታል አልኳት። በዓሉ ደርሷል፣ ብዙ እፈልጋለሁ አለችኝ።»

«ቀንተህ ነው።»

«በምኗ ልቅና? ችግኙ እንኳ የኔ ነው!»

ማንግ ሴቬሮ ከበረንዳው ጥግ ጠርሙስ አነሳ። «ይሄስ?»

«የአረም መድኃኒት። ለመንገዱ ዳር ሣር።»

«ግማሽ ሆኗል።»

«ግማሹን ሣሩ ጠጥቶታላ!»

ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። ማንግ ሴቬሮ የሚሳቅበት ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ቀላ፣ ጠርሙሱን ለሁሉም እንዲታይ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። «እዩ! መርዙ ይኸው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማታውኑ የሰፈሩ ሰላጣ አብቃዮች ማኅበር ደልፊንን ከአባልነቱ አስወጣ። ማክሰኞ የሰፈሩ ባለሱቅ ሰላምታውን ሳትመልስለት ቀረች። ረቡዕ ጠዋት ልብሱን በጆንያ ቋጥሮ ከባታንጋስ ወደብ መርከብ ተሳፈረ፤ ሚንዶሮ ደሴት ላይ ወንድም አለው። ሊጋያ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። ልትጠራው አሰበችና ተወችው።

ሐሙስ ጓሮው ሸተተ። ማንግ ሴቬሮ አፍንጫውን ይዞ ገመዱን ፈታና ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ክዳን አነሳ።

ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል።

ከላይኛው ደርብ አንዱን አወረደ። እዚያ ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ነጩ ሥር ግማሹ አየር ላይ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

ሊጋያ ደረቷን ያዘች። «ማነው የሞላው?»

«ቢሞላስ? ውሃ ምን ያደርጋል?»

«ማንግ ሴቬሮ፣ ውሃው ሲጎድል ሥሩ በአየር መተንፈስ ይለምዳል። መልሰው ከሞሉት ይታፈናል። ሰምጠው ነው የሞቱት!»

መጀመሪያ ያነሳው ክዳን ደልፊን ከሰጣት ሳጥኖች የአንዱ ነበር። ገለበጠው። ከክዳኑ ውስጥ በኩል በጥቁር ቀለም፣ በደልፊን እጅ ተጽፏል፦ ስምንት ቀዳዳ። አሥር ሊትር። ሲጎድል እስከ አፍ እንዳትሞዪው።

ማንግ ሴቬሮ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ በገመድ ያሰረው ይህን ነበር። ከዚያ የላይኛውን ደርብ ቀና ብሎ አየ። ደልፊን ቁመቱ መለሎ ነው፤ ሊገድል የመጣ ቢሆን የላይኞቹን አይተዋቸውም። እነሱን የተወ ሰው ባልዲ ወደዚያ ማንሳት ያልቻለ ሰው ነው።

ሁለቱም እኩል ዞሩ። ታታይ ኢስኮ በሩ ላይ ነበሩ። ከኮኮናት ዛፍ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ ትከሻቸው አይነሳም።

«ታታይ?» አለች ሊጋያ በቀስታ።

«ቅዳሜ ከፍቼ አየሁት» አሉ ሽማግሌው። «ውሃው ሸሽቷል። አርባ ዓመት ሩዝ ዘርቻለሁ፤ ማሳው ውሃ ሲጎድለው ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ አለ? ልጄ ስትመጣ ደስ ይላታል ብዬ በግራ እጄ እየቀዳሁ ሞላሁት።»

«ደልፊንን ሲወነጅሉትስ?»

«እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። አንቺ ታለቅሺ ነበር። አትንካ ብለሽኝ ነበር፤ ከእንግዲህ በምንም አታምኚኝም ብዬ ፈራሁ።» «በሰው ላይ ፈረድኩ፣ ልጄ።»

ሊጋያ አልተቆጣቻቸውም። ስምንት ብቻ ብትበሳ ኖሮ ውሃው እንዲያ ቶሎ ሸሽቶ አባቷን አያስደነግጥም ነበር፤ ይህን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማንግ ሴቬሮ ስልኩን አወጣ።

«ደልፊን፣ ክዳኑን አነሳሁት።»

«ከክዳኑ ውስጥ ጽፌላት ነበር እኮ» አለ ደልፊን።

«ተመለስ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ጠርሙሱን ሰው ሁሉ እያየ ነው ከፍ ያደረጉት። ይቅርታውን ግን በስልክ ይጠይቃሉ?»

የበዓሉ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማንግ ሴቬሮ ያንን ክዳን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወጣ። ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ጽሑፉን አነበበ፣ ጥፋቱንም ተናገረ። ታታይ ኢስኮ አጠገቡ ቆመው የራሳቸውን ጨመሩ። አንዲት ልጅ በስልኳ ቀርፃ ለደልፊን ላከችለት። ደልፊን አየው። አልመለሰም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ታታይ ኢስኮ በየጠዋቱ አጥሩን ዞረው ደልፊን ጓሮ ይገባሉ። ጥሎ የሄዳቸውን ሳጥኖች ክዳን አንድ በአንድ ያነሳሉ። ውሃው እየወረደ ነው። እጃቸው ወደ ባልዲው ይሄዳል፤ ይመልሱታል። ክዳኑን ገጥመው ይቀመጣሉ።

ስምንት ስምንት የተተከለው ሰላጣ አምሮ ደርሷል። ባለቤቱ ግን አልመጣም።