የሰው መረብ

አቶ አስራደ ጡረታ ከወጡ በኋላም ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ መንቃታቸውን አልተዉም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ተነስተው፣ ፂማቸውን ተላጭተውና ከረባታቸውን አስረው የትምህርት ቤቱን በር ከዘበኛው እኩል ሲከፍቱ ኖረዋል። አሁን የሚጠብቃቸው በር ስለሌለ፣ መምህራኑ በሽኝታቸው ቀን የሰጧቸውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በትከሻቸው፣ ትል የሞላች ጣሳ በእጃቸው ይዘው፣ ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ ወደማይርቀው ሐይቅ ይወርዱና ትንሿን የጣውላ ጀልባቸውን ገፍተው ይገባሉ። ሐይቁ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እየሞላ የዳሩን ግራሮች ስለዋጠ፣ ደርቀው የቀሩት ግንዶች ውኃው መሐል ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ጫፋቸው ላይ ክንፋቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ የበሰበሰ ፊላ ሽታ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ ከውኃው ላይ እንደ ጉም ይነሳል፤ ከመቅዘፊያው ከሚንጠባጠበው ውኃ በቀርም ድምፅ አይሰማም።

ለሦስት ሳምንት አንድም ዓሣ አልያዙም።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ስንቱ ፈተናውን አለፈ?» ይላቸዋል ቡልቻ፣ በአንድ ወቅት ያስተማሩት፣ አሁን የሦስት መረብ ባለቤት የሆነ ዓሣ አስጋሪ።

«አንድም! ሁሉም ወደቁ።»

«ኧረ አይጨክኑ፣ ማርክ ጣል ያድርጉላቸው እንጂ!»

ዳር የተቀመጡት ይስቃሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሳቁ ግን ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ባዶውን ባልዲ አያዩም፤ ሲቀመጥ ከሚያሰማው ድምፅ ግን ያውቃሉ፤ አውቀውም ምንም አይሉም። አቶ አስራደን ከቡልቻ ቀልድ ይልቅ የሚያቃጥላቸው ይህ ዝምታ ነበር።

በዚያ ዳርቻ መረብ ማታ ተዘርግቶ ያድራል፤ ጠባቂ የለውም። እያንዳንዱ አስጋሪ ከመረቡ ጫፍ አስሮ የሚያንሳፍፈው ጄሪካን የራሱ ምልክት አለው። የሌላ ሰው መረብ ሲያነሳ የተገኘ ሰው አይደበደብም፣ አይከሰስም። ጀልባውን ዳር አውጥተው በአፏ ይደፉበታል፤ ትተውት ይሄዳሉ። የተደፋች ጀልባ ለማቃናት እጁን የሚያውስ አይገኝም፤ ባለቤቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን የሚመልስለት የለም። አቶ አስራደ ይህን ልማድ በሰልፍ ሰዓት ለተማሪዎቻቸው ስንት ጊዜ አንስተው እንዳስተማሩበት እሳቸውም አያስታውሱትም።

በጾሙ አምስተኛ ሳምንት ወይዘሮ ስንቅነሽ «ባሌ ዓሣ ያመጣል» ብለው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ለምሳ ጠሩ። በዚያ ቀን አቶ አስራደ ፀሐይ ሳትወጣ ገብተው ሁለት ሰዓት ያህል ዘንጋቸውን ይዘው ተቀመጡ። ምንም የለም። ከዚያ ከሦስተኛው ደረቅ ግራር ሥር የቡልቻ ጄሪካን ስትወዛወዝ አዩ። ሁለት ብቻ፣ አሉ በልባቸው፤ ሁለት ቢጎድልበት አያውቅም። ገመዱን ሳቡ። ሁለት ወፋፍራም ቆሮሶ ዓሣዎች አላቀቁና ባልዲው ውስጥ ጣሉ። መረቡን ሊለቁት ሲሉ ከታች ከበደ፤ አንድ ትልቅ ነገር በዝግታ ዞረና የአረንጓዴ ሹራብ እጅጌ ከውኃው ወጣ። ቀጥሎ ፊት መጣ። ልመንህ ነበር፤ የወይዘሮ አየለች ልጅ፣ ከአራት ዓመት በፊት አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው፣ እሳቸው ክፍል ሲገቡ ከሁሉም ቀድሞ ብድግ የሚለው። ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር፤ እያያቸው ይመስላል።

ኡኡ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ከዳር በኩል የአስጋሪዎች ወሬና የመቅዘፊያ ኳኳታ ተሰማቸውና እጃቸውን አዩ፤ የሰው መረብ ይዟል። አፋቸውን ዘጉ። ትል የሚቆርጡበትን ቢላ አውጥተው ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ በጠሱት፤ መረቡም ልመንህን እንዳቀፈ ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ። ሁለቱን ዓሣዎች ቤት ወሰዱ። ተጠብሰው ተበሉ። «እሰይ፣ እጅህ ተፈታ» አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ፤ አቶ አስራደም ባለሟያነታቸው ሲመሰገን አንገታቸውን ደፍተው አጥንቱን ለቀሙ።

ከሰዓት በኋላ የልመንህ ጫማ ፊላው ሥር መገኘቱ ተሰማ። ማታ እግሩን ሊታጠብ ወርዶ አልተመለሰም። አስጋሪው ሁሉ ጀልባ አውጥቶ ሲፈልግ አቶ አስራደ ዳር ቆመው «ወደ ወንዙ አፍ በኩል እዩ፤ ውኃው ወደዚያ ነው የሚገፋው» አሉ። የተማሩ ሰው ስለሆኑ ሰሟቸው። ቡልቻ መረቡን ጉማሬ እንደበጣጠሰበት አመነ። ወይዘሮ አየለች ግን ሬሳ ሳላይ ጥቁር አልለብስም ብለው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ውኃው ዳር ተቀመጡ፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም ከዚያ አልተነሱም። አቶ አስራደ በአጠገባቸው ሲያልፉ «አይዞሽ፣ ምናልባት ሌላ ከተማ ሄዶ ይሆናል» ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንጠቆአቸው ባዶውን ወጥቶ አያውቅም። ገና ክሩ ውኃ ሲነካ ይከብዳል። ዓሣው ግን አይታገልም፣ አይዘልም፤ መንጠቆው ከንፈሩን ሳይቀድ በስቶ፣ አንድ ሰው ከታች ሆኖ በሁለት እጁ የሚያቀብላቸው ይመስል ቀስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ዕድል ነው አሉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሌላኛው የሐይቁ ጥግ ቀዘፉ፤ እዚያም ያው ነበር። በሦስተኛው ቀን መንጠቆው ላይ ትል ሳያደርጉ ጣሉት። አንድ አምባዛ ወጣላቸው።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ሳሎኑ ሐይቅ ሐይቅ ሸተታቸው።

«አንድ ተማሪህ መጥቶ ነበር» አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ። «ቀትር ላይ ይመጣል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

«ማን?»

«ስሙን ብጠይቀው ዝም አለኝ። ዓይኔ እንደሁ ከጥላ በቀር አይለይልኝ። ግን የተባረከ ነው፤ እኔ ስነሳ ይነሳል፣ እኔ ስቀመጥ ይቀመጣል። ምነው ግን እንዲያ በረደው? እጁ በረዶ ነው።»

አቶ አስራደ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ዳሰሱ። ስፖንጁ ውኃ ጠጥቶ ስለነበር በጣቶቻቸው መሐል ፈሰሰ። ከደጃፉ እስከ ወንበሩ ባዶ እግር የረገጠው እርጥብ ዱካ ሲሚንቶው ላይ ይታያል፤ ከወንበሩ ወደ ደጃፉ የሚመለስ ግን የለም። ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሲሚንቶ እኩል አይደርቅም ብለው ለራሳቸው አስረዱ። ከዚያ መወልወያ አምጥተው፣ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ ቀስ ብለው ወለወሉት።

በሰባተኛው ቀን አሞኛል ብለው ቤት ዋሉ። ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ በሚለየው መጋረጃ ጀርባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ፤ ዝንቦቹ ዝም አሉ፤ የቆርቆሮው ጣራ በፀሐዩ መንጣጣቱን አቆመ። በሩ ሲከፈት አልሰሙም።

«ግባ፣ ና ተቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ። «ዛሬ እንኳ የሆነ ነገር ቅመስ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

ድምፁ የሰው ድምፅ ነበር፤ ግን በየቃሉ መሐል ከጠርሙስ ውኃ ሲንዶቆዶቅ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነበረበት። አቶ አስራደ ወደ ታች አዩ። በመጋረጃው ጠርዝና በወለሉ መሐል በምትታየው ክፍተት፣ ብዙ እንደተዘፈዘፈ ልብስ ነጥተው የተጨማደዱ ሁለት እግሮች ጣቶቻቸውን ወደ እሳቸው አዙረው ቆመዋል። ዙሪያቸውን ውኃ ቀስ እያለ እየሰፋ መጣና በመጋረጃው ሥር አልፎ የእሳቸውን ጫማ ነካው። መጋረጃውን ለመግለጥ እጃቸውን መዘርጋት ብቻ በቂ ነበር። አልዘረጉም። እግራቸውን ሰብስበው አልጋው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማታ እራት ላይ ወይዘሮ ስንቅነሽ «ለምን አልወጣህም?» አሉ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

«እሱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው ብሎኝ ነበር። ልጠራህ ስል፣ ይተዉዋቸው እትዬ፣ ያፍራሉ አለኝ።» ጉርሻቸውን አኝከው ዋጡ። «ምን ያሳፍርሃል አንተ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ያው የየቀኑን። እጅዎን ይስጡኝና ጋሼ የመጀመሪያውን ዓሣ የያዙበትን ቦታ ላሳይዎት ይለኛል።»

«ስንቄ፣ እንዳትሄጂ!»

«በዚህ ዓይኔ የት እሄዳለሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ለምን ግን? ምን አደረገህ?»

ሞቷል ለማለት አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ከተማው ሁሉ ገና እየፈለገው ሳለ መሞቱን እንዴት አወቅህ ቢሏቸው፣ መልሱ ገመድና ቢላ ነው፤ ባለቤታቸው አመስግነው የበሏቸው ሁለት ዓሣዎች ናቸው። «ምንም» አሉ። «እንዲያው አልወደድኩትም።»

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዘንጋቸውን ትተው ወደ ዳር ወረዱ። እናገራለሁ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ ለስንቅነሽም እነግራታለሁ ብለው ቆርጠው ነበር። ቡልቻ አዲስ መረብ እየሠራ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ድንጋይ አመቻቸላቸው። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ጉማሬ ተወራ። ቃሉ ጉሮሯቸው ድረስ እየመጣ፣ አንድ ሰው «ጋሼ» ባላቸው ቁጥር ተመልሶ ይወርዳል፤ ይህችን ጋሼ መባል አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ልስማት እያሉ ሦስት ሰዓት ቆዩ። የትምህርት ቤቱ ደወል ስድስት ሰዓትን ደወለ፤ ያን ጊዜም ገና ዝም ብለው ነበር። ከደወሉ በኋላ ብዙ ቆይተው ብድግ አሉ።

«ቡልቻ፣ መረብህን ጉማሬ አልበላውም። እኔ ነኝ።»

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አቶ አስራደ ግን ሁሉንም ነገሩ፤ ሁለቱን ቆሮሶዎች፣ አረንጓዴውን እጅጌ፣ ቢላውን፣ ሦስተኛውን ግራር። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እሳቸውን ሳይሆን አሥር እርምጃ ያህል ርቀው የተቀመጡትን ወይዘሮ አየለችን ነበር።

«ዘጠኝ ቀን» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን የማይሰማ እስኪመስል ዝቅ አድርገው። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚህች ስታልፍ አይዞሽ ትለኝ ነበር።»

ቡልቻ ከሦስት ሰዎች ጋር ገመድና ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዞ ገባ። የቀሩት ሁለት አስጋሪዎች ወደ አቶ አስራደ ጀልባ ሄዱና በዳርና በዳር ይዘው ደፏት፤ ጥቁር ሆዷ በፀሐዩ ላይ እርጥብ ሆኖ አንጸባረቀ። ፊታቸው ነደደ። ግን ደግሞ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስትንፋሳቸው እስከ ሆዳቸው ድረስ ወረደላቸው። አበቃ፣ አሉ። ከዚህ በኋላ ስንቅነሽ ፊት መቆም ብቻ ነው የቀረኝ።

ከሦስተኛው ግራር ሥር ሰዎቹ መሳብ ጀመሩ። መረቡ ከብዷቸው ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሳባቸውን አቁመው ቆሙ፤ ቡልቻ ኮፍያውን አወለቀ። ተመልሰው ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ቡልቻ ቀድሞ ወርዶ፣ ጀልባው የተደፋችበትን ሰው ማንም በማይጠራበት በዚያ የአክብሮት ስም፣ «ጋሼ፣ አይዩ» አለና ደረታቸውን በእጁ ይዞ አገዳቸው።

እሳቸው ግን በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ፤ ዘጠኝ ቀን ውኃ ውስጥ የቆየ የማይመስለው ልመንህ በአረንጓዴ ሹራቡ ተጋድሞ፣ የተባረከ ልጅ ዓይኑ የደከመውን አዛውንት በመጥፎ መንገድ ላይ እንደሚመራው አድርጎ፣ በዚያው መረብ አብረውት ከውኃው የወጡትን የወይዘሮ ስንቅነሽን እጅ አጥብቆ ይዞ ነበር።