የቅበላ እሑድ መሐላ

ከጁባ ስለ ተመለሱት ባልና ሚስት በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ ሁለት ወሬ ይወራ ነበር። አንደኛውን ያመጣው ምንይሉ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ነው፤ በጁባ ከተማ ባልና ሚስቱ ያገለግሉበት ከነበረው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው፤ ጦርነቱ በተነሣ ማግስት፣ ታኅሣሥ ፯ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲሸሽ የትምህርት ቤቱ በር ከውጭ በሰንሰለት ታስሮ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አየ። በግቢው የሚያድሩ ወላጅ አልባ ልጆች እንዳሉ ያውቅ ነበርና «መምህር ዓምደ ሚካኤልና ሚስቱ ልጆቹን ዘግተውባቸው ሸሹ፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው» እያለ ተናገረ። ሁለተኛው ወሬ ከሚስቲቱ ከወይዘሮ ሸዋረጋ ዘመዶች የወጣ ነው፤ እነርሱ ደግሞ «እስከ መጨረሻዪቱ ሰዓት ከልጆቹ አልተለዩም፤ ወታደር በሰደፍ እየገፋ አውሮፕላን ላይ ባይጭናቸው ዛሬም እዚያው ነበሩ» ይላሉ። ምንይሉ ያየውን ተናገረ፤ ዘመዶቿም ሊሆን ይገባል ያሉትን ተናገሩ፤ ነገሩ የሆነው ግን በሁለቱም መንገድ አልነበረም።

ዓምደ ሚካኤል በዘመሮ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሸዋረጋ ደግሞ የበግ ጠጉር በመፍተል የታወቀች ባለሙያ ነበረች። በ፳፻፬ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደቡብ ሱዳን ነጻ ወጥታ ገና ባንዲራዋን በሰቀለች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ የምእመናን ማኅበር በጁባ ለከፈተው ትምህርት ቤት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ መምህራን ፈለገ፤ ልጅ ያልወለዱት ባልና ሚስት ተመካክረው ሄዱ። ሸዋረጋ መበለቶችን የባና ሥራ አስተምራለሁ ብላ አንድ ጆንያ ጠጉርና እንዝርቶቿን ጭና ነበር። የጁባ በግ ግን የሚሸለት ጠጉር የሌለው፣ ከፍየል የማይለይ ሆኖ አገኘችው፤ ሙቀቱም ሌሊት እንኳ አንሶላ የሚያስጥል ነበር። መበለቶቹ የመንዙን ባና በእጃቸው እየመዘኑ «ይህን ለብሶ የሚተኛ ሰው ምን በድሎ ነው?» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጆንያውን አልጋ ሥር ከትታ በስፌት መኪና መስፋትን ከእነርሱ ከአንዷ ተማረች፤ ዓመት ሳይሞላም የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ የምትሰፋ እሷ ሆነች።

ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ወደ ዘመሮ በተመለሱ ጊዜ ደብሩ አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፍት ተነሥቶ ነበር፤ ለርእሰ መምህርነቱም ከዓምደ ሚካኤል የተሻለ ሰው አልተገኘም። ነገር ግን የምንይሉ ወሬ በመሐል ገባ። ልጆቻችንን ሰጥተነው ቢዘጋባቸውስ ያሉ ወላጆች ስለ በዙ፣ ሽማግሌዎቹ መምህሩ በሕዝብ ፊት እንዲምልና ስሙ ከሐሜት እንዲጠራ ወሰኑ። በዚያው ሰሞን ከጁባ ስልክ ተደወለ፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልጆቹ በተጠለሉበት ሰፈር በሸራ ሥር ትምህርት ሊጀምሩ እንደሆነ ገልጠው «ትመጣላችሁ ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ?» ብለው ጠየቁ። ባልና ሚስቱ መልሱን እርስ በርሳቸው እንኳ ሳይነጋገሩበት ሰነበቱ፤ እሱ እሷ ደክማለች ብሎ፣ እሷም እሱ ሹመቱን ይፈልጋል ብላ።

የካቲት ፲፮ ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል ከዐቢይ ጾም ቅበላ ጋር የገጠመበት እሑድ ነበር። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የሰንበቴውን ቤት ክዳን ያንኳኳል፤ ሕዝቡም ባናውን ተከናንቦ፣ ጠላውን ይዞ፣ ልቡ ግን እቤቱ ከተጣደው ወጥ ዘንድ ሆኖ ተቀምጧል። በንጉሡ ዘመን ማዕረግ ያገኙት ሽማግሌ ግራዝማች ወዳጆ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ቶሎ እንጨርሰው፤ የታረደ በግ ሽማግሌ አይጠብቅም። ምንይሉ፣ ያየኸውን በል።»

«ቁልፉን አይቻለሁ፣ ግራዝማች። አላየሁም ብዬ ልዋሽ?»

«አይተሃል» አለ ዓምደ ሚካኤል። «የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ቤቱ ተንጫጫ። ዓምደ ሚካኤል ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቆ ቀጠለ።

«ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። ከውስጥ የተቀረቀረ በር ሰው አለ ይላል፤ እሱን ይሰብራሉ። ከውጭ የተቆለፈውን ባዶ ነው ብለው ያልፉታል። ሽፍታ በበዛበት ዘመን አያቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር ሲባል ሰምቼ ነው። ከውጭ ቆልፌ፣ በጓሮ ዞሬ፣ በመሰላል ግንቡን ተሻግሬ ከእነርሱ ዘንድ ገባሁ። ሸዋረጋ ውስጥ ሆና ሕፃናቱን ዝም ታሰኝ ነበር።»

ምንይሉ ራሱን አከከ። «እንግዲያ እኔንም አታለልከኝ ማለት ነው።»

«ላንተ ብዬ አልነበረም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ምንይሉም ሳቀ። ብድግ ብሎ «ቃሌን አንሥቻለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ መምህር» አለ፤ ተሳሳሙም። ግራዝማች ግን አልተነሡም።

«ይኸ ግማሹ ነው። አሁን መስቀሉን ይዘህ ልጆቹን ወድጄ አልተውኩም ብለህ ማልና ወደየቤታችን እንግባ።»

«በቅበላ ቀን መሐላ ደግ አይደለም» አሉ መስቀሉን ይዘው የተቀመጡት ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ወልድ።

«ደግስ አይደለም፣ አባ፤ ግን አገሩ ሳይማልለት አያምንም።»

ዓምደ ሚካኤል ወደ መስቀሉ እጁን አልዘረጋም። ያስጨነቀው ይህ ነበር፦ ልጆቹ ወደ መጠለያው ሰፈር ከተወሰዱ በኋላ እሱ በወባ ተይዞ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በከተማዪቱም መድኃኒት ጠፋ። ኢትዮጵያውያንን የሚያወጣ አውሮፕላን መምጣቱ በተሰማ ጊዜ ሸዋረጋ ብቻዋን አሰበች፣ ብቻዋን ወሰነች። ልጆቹን ተሰናብታ ባሏን በሰው ትከሻ አስይዛ ወጣች። ወታደርም አልገፋትም፤ ሰደፍም አልነበረም። ዘመዶቿ ይህን ቢያውቁም ስሟ እንዳይነሣ ሌላ ወሬ ሠሩላት።

ግራዝማችም ያውቁ ኖሯል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንተ ታመህ ነበር» አሉት። «በፈቃድህ አልመጣህም። ብትምል ውሸት የለበትም፤ ምን ያግድሃል?»

«ውሸትስ የለበትም፣ ግራዝማች» አለ ዓምደ ሚካኤል። «ነገር ግን አንድ ሥጋ ናችሁ ብላችሁ ያጋባችሁን እናንተ ናችሁ። የኔን ስም ካጠራችሁ በኋላ የተረፈውን እድፍ የት ልታደርጉት ነው? በእሷ ላይ?»

 ከሴቶቹ ወገን ሸዋረጋ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ሴት ሳትጠየቅ አትናገርም፤ አንዲት ዘመዷ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ እሷ ግን እጇን አላቃ ወደ መሐል ወጣች።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ባሌ እንዳይሞትብኝ ነው፤ ያ ቀን ቢመለስ አሁንም ይዤው እመጣለሁ። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ልጆቹ ግን እንደ ተተዉ አውቃለሁ፤ ስሰናበታቸው አንዲቱ የጀመረችውን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር፤ እጅጌውን ማን ያሳየኛል ብላኛለች። ባሌ አሁን ድኗል፤ ጉልበቱ ተመልሷል። እኔ በዚህ ሳምንት ወደ ጁባ እሄዳለሁ። እሱ መቅረት ቢፈልግ አልፈርድበትም፤ ትምህርት ቤቱም መልካም ሥራ ነው።»

የዚያን ጦርነት ነገር የጻፉ ሰዎች የጦር አለቆቹን ጠብና የስምምነቱን ፊርማ ጽፈዋል፤ ጁባ ውስጥ በሸራ ሥር ማን ማንን እጅጌ መስፋት እንዳስተማረ ግን አልጻፉም፤ ሊጽፉትም አይቻላቸውም ነበር። በዘመሮም ቢሆን ሰው ያስታወሰው የሚቀለውን ነው። ዛሬም በገበያ ቀን አንዱ ሸሹ፣ ሌላው ተባረሩ ሲል ይሰማል፤ ምንይሉ ቃሉን ማንሣቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ አንዲት ሴት ሳትጠየቅ መናገሯን የሚያስታውስ ከዚያም ያንሳል። ወሬ ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ ያሸሻቸዋል ወይም አንድ አድርጎ ያባርራቸዋል፤ የእያንዳንዳቸውን ምርጫ ለይቶ ለመያዝ ትዕግሥት የለውም።

በዚያ እሑድ ሸዋረጋ ተናግራ ስትጨርስ ግራዝማች ወዳጆ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ባልየው ዞሩ።

«የሚስትህን ሰማን። ሹመቱ የሚጠብቀው ያንተን ቃል ነው። ምን ትላለህ?»

ዓምደ ሚካኤል ተነሣ፤ ከሸዋረጋ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ለሽማግሌዎቹም እጅ ነሣ።

«ለሌላ ሰው ስጡልኝ፣ ግራዝማች» አለ። «ሐሙስ አብረን እንሄዳለን።»