«ልቀቀው»

ካፒቴን ለገሰ የተገኙት መሪውን እንደጨበጡ ሞተው ነበር። ከአትላንታ በስተደቡብ ባለች ትንሽ አየር ማረፊያ፣ ዕድሜ የተጫናት ባለ ፕሮፔለር የጭነት አውሮፕላን ስታርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥታ በአፍንጫዋ ቦይ ውስጥ ተተከለች። ከተሳፈሩት ሦስት ሰዎች የተረፉት የካፒቴኑ ወዳጅ፣ አጭሩ የድርጅቱ ባለቤት ዳኘውና ረዳት አብራሪው ፊሊሞን ብቻ ናቸው። የሁለቱም ቃል አንድ ሆነ፤ ሽማግሌው እልኸኛ ሆነው ራሳቸውን ገደሉ።

የኢንሹራንስ መርማሪዋ ቢታንያ፣ አሜሪካ ያደገች ብትሆንም፣ ነገር ሳይገባት የምትተው ልጅ አልነበረችም። ከአውሮፕላኗ የድምፅ መቅጃ የተረፈው የመጨረሻ ቃል «ልቀቀው! ልቀቀው!» የሚል ነው። የሞተሮቹ ጩኸት ስለዋጠው የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም። ፊሊሞን እኔ ነኝ አለ፤ ፍጥነቱ ስለበዛ አውሮፕላኗን መልሼ ላነሳት መሪውን እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዳኘውም ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ አለ። ቢታንያን የከነከናት ግን የረዳቱ ወንበር ነበር። እስከ መጨረሻው ወደፊት ተስቧል፤ ፊሊሞን ደግሞ የስልክ እንጨት የሚያህል ሎጋ ነው።

ሁለቱንም አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን፣ ወደ ሟቹ ቤት ጠራቻቸው። የካፒቴኑን ባለቤት እትዬ ኤልፍነሽን ከሞቱ በላይ ያንገበገባቸው፣ የባላቸው መልካም ስም አብሮ ሊቀበር መሆኑ ነው።

«እንዴት ነሽ? ስለ ባልሽ በጣም ሶሪ» አለቻቸው ቢታንያ እንደገባች።

ፊሊሞን ክንዷን ያዝ አደረጋት። «‹እርስዎ› በያቸው እንጂ! በጋሼ ቤት አንቺና አንተ የለም።»

ቢታንያ አፈረች። ወዲያው ደግሞ ክው አለች፤ የመቅጃውን ቃል ደጋግማ ስትሰማው ከርማ ልብ ሳትለው ቀርታለች።

«ፊሊሞን፣ ካፒቴኑን አንተ ብለሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በፍጹም።»

«ታዲያ ‹ልቀቀው› ያልከው ማንን ነው?»

ዳኘው ከፊሊሞን ቀድሞ፣ «ሞት ሲመጣ ማን ቃል ይመርጣል?» አለ።

«ይሁን፤ ቃሉን እንተወው። ወንበሩስ? እሱ ላይ የፊሊሞን ጉልበት አይገባም። በዚያ ልክ የሚቀመጥ አጭር ሰው አውሮፕላኗ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጮኸው ‹ልቀቀው› ያሉት ካፒቴኑ ናቸው። አንተ የሚሏቸው ወዳጃቸው ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ዳኘው። በረዳቱ ወንበር ተቀምጠው ሳይችሉበት ሁለተኛውን መሪ የያዙት እርስዎ ነበሩ።»

ዳኘው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፊሊሞን ይንገርሻ» አለ። የፊሊሞን እንጀራ በእጁ ነውና ተማምኗል።

እትዬ ኤልፍነሽ ተነሥተው የባላቸውን ፎቶ ከግድግዳ አወረዱ፤ ፊሊሞን ጭን ላይም አኖሩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያን ዕለት እንዳልከው አድርገህ በላቸው።»

ፊሊሞን ፎቶውን አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ይል… ይልቀቁት» አለ። ‹ልቀቀው› የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው።

ዳኘው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ፊሊሞን ፎቶውን አቅፎ አጎነበሰ፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለ።