በወተት የተጻፈው ገጽ

ይህ በእኔ በሳቢሪን ቤት የሆነ ነው። ማጋነን አልወድም፤ የሆነው ራሱ ይበቃኛል።

ባለፈው ሐሙስ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ሮቤ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

የጎባ ሚኒባስ ሾፌር በር አንኳኩቶ፣ ከውጭ የተላከ ነው ብሎ አንድ መጽሐፍ ሰጠኝ። ማን እንደሰጠው ብጠይቀው እሱም አያውቅም።

መጽሐፉን ግን አወቅኩት። የወንድሜ የሙህዲን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሰደድ ይዞት ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

በስደት ስለሚኖር አንድ የሩሲያ አብዮተኛ የሚተርክ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው ከስዊዘርላንድ ሆኖ ለእህቱ በወተት ይጽፍላታል። ወተቱ ሲደርቅ አይታይም፤ እሳት ሲሞቅ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እኔና ሙህዲን ልጆች ሳለን ይህንኑ እንሞክራለን ብለን ስንት ወተት አባክነናል። እማ ስንቴ ተቆጥታናለች።

የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ገለጥኩ።

እርጥብ ነው... አሁን የታለበ ወተት ይሸታል።

ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ወረቀት እንዴት እርጥብ ይሆናል?

ከሰል ምድጃው ላይ ያዝ አደረግኩት። የወንድሜ የእጅ ጽሕፈት ቀስ እያለ ወጣ...

"ሳቢሪን፣ እኔ ከእንግዲህ አልመለስም። በእኔ መልክ የሚመጣ ካለ በር አትክፈቱለት።"

ክው አልኩ። ሦስት ዓመት የያዝኩት ተስፋ እዚያው ተቆረጠ።

በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ... ከዚያ አንዴ። ሙህዲን ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚያንኳኳው።

እማ ተነሳች። ክንዷን ይዤ ገጹን በሹክሹክታ አነበብኩላት።

"እማ፣ እባክሽ አትክፈቺ።"

"ሦስት ዓመት ይህን በር ሳይ ኖሬ... ላልከፍት ነው?"

ከፈተች።

ሙህዲን ነው። መልኩም፣ ድምፁም። እማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ግን... ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ጫማው ላይ የሮቤ ጭቃ የለም። እማ ስትለቀው ልብሷ ወተት ወተት ይላል።

"በረደኝ" አለ።

"ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ወደ እሳቱ ቀረብ በል" አለችው።

እጆቹን ምድጃው ላይ ዘረጋ። እንደዚያ የነጣ እጅ አይቼ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ የእጁ ጀርባ ላይ ቡናማ ፊደላት አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ... በወንድሜ የእጅ ጽሕፈት።

የመጀመሪያው ቃል ስሜ ነበር።

እማ ከሰል ጨመረችለት።